የክለብ ብስክሌት ውድድር ጋላቢ አላጣም፤ እያጣ ያለው አዘጋጅ ነው

በብዙ አገሮች የአማተር ብስክሌት ክለቦች ዘንድ የሚሰማው ቅሬታ ላይ ላዩን ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። በአንድ በኩል የኮርስ ብስክሌት ገዝቶ፣ የልብ ምትና የዋት መለኪያ አስገጥሞ፣ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ የሚለማመደው ሰው ቁጥር የሚናቅ አይደለም። በሌላ በኩል ክለቦች ራሳቸው የሚያዘጋጁት መደበኛ የጎዳና ውድድር ከመርሐ ግብሩ ላይ አንድ በአንድ ሲሰረዝ ይታያል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ወጪው ናረ፣ ወጣቱ ሰነፈ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ስክሪን ፊት መጋለብ መረጠ የሚል ነው። እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ እውነት ቢኖረውም ዋናው ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የክለብ ውድድር ከገበያ የሚገዛ አገልግሎት አይደለም፤ ጋላቢዎቹ ራሳቸው በክለባቸው በኩል ያለ ክፍያ የሚሠሩት ነገር ነው። እየሳሳ ያለውም የሚጋልበው እግር ሳይሆን ውድድሩን የሚያቆመው እጅ ነው። የስፖርቱ የነጥብና የደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ደግሞ ይህን እጅ ጨርሶ አይቆጥረውም።

ነገሩን ለመረዳት ብስክሌት ውድድር መጀመሪያውኑ ለምን ክለብ እንደሚፈልግ ማየት ያስፈልጋል። በሜዳማ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻውን የሚጋልብ ሰው ከሚያወጣው ኃይል ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የሚያልቀው አየርን በመግፋት ነው። አየሩ የሚያሳድረው ጫና በፍጥነቱ ካሬ ሲያድግ፣ ያንን ጫና ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ40 ወደ 44 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ10 በመቶ ብቻ፣ ከፍ ማድረግ የፈለገ ሰው አየሩን ለመግፋት የሚያወጣውን ኃይል በ33 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል። ከሌላ ጋላቢ የኋላ ጎማ ጀርባ ተጠግቶ የተጠለለ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት እየሄደ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂየማዊው የአየር ፍሰት ተመራማሪ በርት ብሎከን የመራው ጥናት 121 ጋላቢዎች ያሉበትን ፔሎቶን፣ ማለትም ተጠጋግቶ የሚጋልበውን ዋናውን የተወዳዳሪዎች ቡድን፣ በኮምፒውተርና በነፋስ ዋሻ መርምሮ፣ በመሀልና በኋላ የተደበቁት ጋላቢዎች የሚገጥማቸው የአየር ጫና ብቻቸውን ቢሆኑ ከሚገጥማቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ይህ ቁጥር የስፖርቱን ባሕርይ በሙሉ ይወስነዋል። በሩጫ ጠንካራው ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል፤ በብስክሌት ግን ጠንካራው ሰው ከፊት ሆኖ ነፋሱን ለሌሎች ሲሰነጥቅ ቆይቶ የመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ላይ ሲደርስ ከጀርባው ሲያርፍ የቆየ ደካማ ጋላቢ አልፎት ይሄዳል። ቡድን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሦስት ሰዎች ከፔሎቶኑ አፈትልከው ወጡ እንበል። ከመካከላቸው አንዱ የአንተ ክለብ አባል ከሆነ አንተና ጓደኞችህ ከኋላ ሆናችሁ አንድም ዋት ሳታባክኑ ትጠብቃላችሁ፤ ማሳደዱ ከፊት ሰው የሌለው ክለብ ዕዳ ነው። ያ ክለብ አባላቱን አሰልፎ ሲያሳድድና ሲደክም፣ አምላጮቹ ቢያዙ እንኳ የአንተ ክለብ ቀጣዩን ጥቃት የሚሰነዝር ትኩስ እግር አለው። ፊት ያለው ሰው ያለ ጓደኞቹ ዝምታ፣ ጓደኞቹም ያለ እሱ ማምለጥ ምንም አልነበሩም።

አብሮ መጋለብ ደግሞ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። በተራ የሚመራ የሁለት ረድፍ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ረድፍ ወደፊት ይሄዳል፣ ሌላው በዝግታ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከፊት የደረሰው ሰው ተራውን እንደጨረሰ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ፈቀቅ ብሎ የፔዳሉን ጫና በትንሹ ያላላል፤ ተከታዩም ፍጥነቱን ሳይለውጥ ቦታውን ይይዛል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊት ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ማሳየት ያምረውና ፍጥነቱን በሁለት በሦስት ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ከጀርባው ያለው ይከፈትበታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍተቱን ለመዝጋት ይንደረደራል፣ የሰልፉ ጅራት ላይ ያለው ምስኪን ደግሞ በየተራው እንደ ጅራፍ ጫፍ ይወረወራል። በጎማና በጎማ መካከል ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይኖር ይህ ሲደጋገም ሰልፉ ይበጣጠሳል ወይም አንዱ የሌላውን የኋላ ጎማ ነክቶ ይወድቃል። ይህን ያለ ጩኸት፣ በክርን ምልክትና በአንድ ቃል ተግሣጽ የሚያርመው የክለቡ ነባር አባል ነው። የዋት መለኪያ ይህን አያስተምርም፤ እንዲያውም ዓይኑን ስክሪኑ ላይ የተከለ ጋላቢ ከሁሉም ይበልጥ አደገኛው ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ ለሌላ ሰው ድል መድከም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። በአማተሩ ዘንድ ግን ደመወዝ የለም፤ ለሌላ ሰው ነፋስ የከፈለ ጋላቢ የሚያገኘው ከተወዳዳሪነት ፈቃዱ አጠገብ ባዶ የነጥብ መዝገብ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ጀማሪ ከምድብ 5 ተነስቶ ወደ ምድብ 1፣ በብሪታንያም ከ4ኛ ምድብ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው በግሉ በሰበሰበው ውጤት ነው። ሥርዓቱ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጀማሪን ከልምድ ባለቤት ጋር ማጋፈጥ ለሁለቱም አይበጅም። ሆኖም ውጤቱ አንድ ዓይነት መለያ የለበሱ አምስት ሰዎች በመጨረሻው ዙር እርስ በርሳቸው ሲተፋተጉ ማየት ነው። አንዱ ደረጃውን ለማሻሻል ጥቂት ነጥብ ቀርቶታል፣ ሌላው ባለፈው ሳምንት የተደረገለትን ውለታ ረስቷል፣ ሦስተኛው ለአምስተኛ ቦታ ሲል የጓደኛውን የማምለጥ ሙከራ ራሱ አሳድዶ ይዘጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ አይደለም። ደንቡ ከጠየቀው ውጭ ምንም አላደረገም።

የዓለም አቀፉ አስተዳደር ታሪክም አማተሩን በራሱ የቆመ ነገር አድርጎ የማየት ልማድ እየጠፋ መሄዱን ያሳያል። ዩሲአይ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ኅብረት በ1900 ፓሪስ ላይ ከተመሠረተ በኋላ፣ የመጀመሪያው የጎዳና የዓለም ሻምፒዮና በ1921 ኮፐንሀገን ላይ ሲካሄድ የተወዳደሩት አማተሮች ነበሩ፤ ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ሻምፒዮና ያገኙት በ1927 ነው። ኦሊምፒክ ለአማተር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1965፣ ከዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በመጣ ግፊት ዩሲአይ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ የአማተሮቹን ፌዴሬሽን ሮም ላይ፣ የባለሙያዎቹን ሉክሰምበርግ ላይ አቋቋመ። ሁለቱ በ1992 ተመልሰው አንድ ሆኑ፤ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ባለሙያዎች ሲገቡ የአማተር የዓለም ሻምፒዮናም ቀርቶ በቦታው ከ23 ዓመት በታች የሚል የዕድሜ ምድብ ተተካ። ለውጡ ግብዝነትን አስቀርቷል፤ በመንግሥት ደመወዝ እየተዳደሩ አማተር የሚባሉ ጋላቢዎች ለነበሩበት ዘመን ማንም ናፍቆት ሊኖረው አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ደንብ ደመወዝ የማይከፈለውን ጋላቢ የሚያየው በሁለት ዓይን ብቻ ነው፤ ወይ ወደ ላይ እየወጣ ያለ ወጣት ነው፣ ወይ ጊዜውን የሚያሳልፍ ጎልማሳ ነው። የ35 ዓመት ሰው ሥራውንና ቤተሰቡን ይዞ ለክለቡ ብሎ በቁም ነገር የሚወዳደርበት ቦታ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ያ ሰው ነው ግን ብዙውን ጊዜ ውድድሩን የሚያዘጋጀው።

ውድድር ማዘጋጀት ምን እንደሚጠይቅ ከጋላቢዎቹ ብዙዎቹ በትክክል አያውቁም፤ ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ ሳይሆን ጀርባቸው ላይ እንዲለጥፉ የነገራቸውን ሰው እንኳ አያስታውሱም። ከወራት በፊት የመንገድ ባለሥልጣንና የፖሊስ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የመድን ሽፋን ይገዛል፤ ዳኞች ይመደባሉ፤ አምቡላንስ ይያዛል፤ ከፊት የሚመራ መኪና፣ በሞተር ሳይክል የሚንቀሳቀሱ አስተናባሪዎች፣ ወደ ኋላ የቀሩትን የሚሰበስብ መኪና፣ በፍጻሜው መስመር ላይ የተጠጋጉ ጎማዎችን የሚለይ ካሜራ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን በየመንገዱ መገናኛ የሚቆመው ሰው ነው። አንድ 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ከግራና ከቀኝ የሚገቡ 15 መንገዶች ቢኖሩት፣ በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ አንድ፣ ሰፋ ባለው ላይ ሁለት ሰው ይቆማል፤ ማለዳ ለሴቶች፣ ከዚያ ለታዳጊዎች፣ ከሰዓት ለከፍተኛው ምድብ ውድድር ካለ ደግሞ ተተኪ ፈረቃ ይፈለጋል። ሃምሳ ሰው ሳይደርስ አይቀርም ማለት ነው፣ ያውም በስልክ እየተለመነ።

ያ ሰው የሚውልበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። ባንዲራና ፊሽካ ይዞ፣ ደማቅ ሰደርያ ለብሶ፣ ፀሐይም ዝናብም ቢሆን ለሦስት ሰዓት ይቆማል። የመሪው መኪና ጥሩንባ ከሩቅ ሲሰማ ወደ መንገዱ መሀል ወጥቶ ባንዲራውን ይዘረጋል። ፔሎቶኑ በሃያ ሰከንድ ውስጥ አልፎት ይሄዳል፤ የሚሰማው የካቴና ሹክሹክታና የፍሬን ሽታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይከብዳል። ያስቆመው ሾፌር አለቀ ብሎ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ገና አንድ ከቡድኑ የተነጠለ ጋላቢ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ራሱን ደፍቶ እየመጣ ነው። አስተናባሪው ሾፌሩን የሚያቆምበት ሕጋዊ ሥልጣን ብዙ ቦታ የለውም፤ ያለው ልመናና ድፍረት ነው። ሦስት አራት ጊዜ የተሰደበ በጎ ፈቃደኛ በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን አያነሳም። በግሌ የአማተር ውድድር ትልቁ ኪሳራ ይህ ያልተነሳ ስልክ ይመስለኛል፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ባለመስፈሩም ማንም አይወያይበትም።

መንገድ የማግኘት ጣጣ አዲስ አይደለም። በብሪታንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብሔራዊው የብስክሌተኞች ኅብረት ፖሊስና ሕዝቡ ብስክሌትን በሙሉ ይከለክላሉ ብሎ በመስጋቱ፣ ጋላቢዎች አንድ ላይ ተነስተው በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይሽቀዳደሙ አገደ። ክለቦቹ ዘዴ ፈለጉ። በ1895 ፍሬድሪክ ቶማስ ቢድሌክ ጋላቢዎች በተወሰነ የጊዜ ልዩነት አንድ በአንድ የሚነሱበትን የሰዓት ውድድር አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የክለብ አባላት በማለዳ፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ የመንገዱን ስም በምስጢር ኮድ እየጠሩ ከሰዓት ጋር ሲወዳደሩ ኖሩ። እገዳውን ፊት ለፊት የሰበረው ብስክሌተኛው ፐርሲ ስታላርድ ነው፤ በሰኔ 1942 በጦርነቱ መሀል፣ መኪና በሌለበት መንገድ፣ 40 ገደማ ጋላቢዎችን ከላንጎለን እስከ ዎልቨርሃምፕተን አወዳደረ። ፖሊስን አስቀድሞ አነጋግሮ ነበር፤ የቀጣው ፖሊስ ሳይሆን የገዛ ኅብረቱ ነው። ስታላርድና ደጋፊዎቹ ያኔ የራሳቸውን ማኅበር በማቋቋማቸው የተፈጠረው መከፋፈል የተዘጋው በ1959 ሁለቱ ማኅበራት ሲዋሐዱ ሲሆን፣ በ1960 ደግሞ በመንገድ ላይ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር የሚመራበት ደንብ ወጣ።

በቤልጂየም ፍላንደርስ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው በሌላ መንገድ ሄደ። ኬርሜስ በሚባለው የመንደር በዓል ዙሪያ የሚደረገው ውድድር መንደሩን በአጭር ዙር ደጋግሞ የሚያልፍ ነው፤ አዘጋጁ የመንደሩ ኮሚቴ ነው፤ በመገናኛው ላይ የሚቆመው የመንደሩ ሰው ነው። መንገዱ ሲዘጋ የሚናደድ ነዋሪ እንዳይበዛ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ውድድሩ የእንግዳ ክለብ ሳይሆን የራሱ ነውና። ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት በጋላቢዎቻቸው ፍቅር ወይም ብቃት ሳይሆን መንገዱን የሚጠይቀው ማን ነው በሚለው ነው። ይህን ንጽጽር ያነሣሁት ኬርሜስ ሌላ አገር ተወስዶ ይተከል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በደንብ አይተከልም። የአጭር ዙር ጥቅም ግን የትም ይሠራል። ዙሩ ባጠረ ቁጥር የሚዘጋው መገናኛ ይቀንሳል፣ ተመልካቹም ጋላቢውን አንዴ ብቻ ሳይሆን አሥር ጊዜ ያያል።

አሁን ከክለብ ውድድሩ ጋር ጋላቢ የሚሻሙት ሦስቱ ዘርፎች፣ ማለትም ግራን ፎንዶ፣ ግራቭልና ቤት ውስጥ ስክሪን ፊት የሚደረገው ምናባዊ ውድድር፣ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሦስቱም ክለብ አይጠይቁም። ግራን ፎንዶ በአብዛኛው በኩባንያ የሚዘጋጅ ነው፤ ገንዘብህን ከፍለህ ቁጥር ትወስዳለህ፣ ከሺዎች ጋር ተነስተህ ለራስህ ሰዓት ትጋልባለህ። ዩሲአይ ራሱ የግራን ፎንዶ የዓለም ተከታታይ ውድድር ያካሂዳል፤ በየዕድሜ ምድቡ ከፊት የጨረሱት ለሻምፒዮናው ያልፋሉ። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚደረገው ግራቭል በ2022 ጣሊያን ቬኔቶ ውስጥ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አግኝቷል። ምናባዊው ውድድር ደግሞ ከእሱ ቀድሞ በታኅሣሥ 2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ዓመት፣ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ።

የግራቭል ዕድገት ብዙውን ጊዜ በጀብዱና በነጻነት ስሜት ይብራራል። እኔ ግን ከስሜቱ ይልቅ ፈቃዱ ይመስለኛል። መኪና በማይበዛበት የአፈር መንገድ ላይ ውድድር ማካሄድ የሚጠይቀው አስተናባሪ ጥቂት ነው፣ የፖሊስ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ካላማዳሪያው የፈነዳበት ሰው ራሱ ይቀይራል፣ አጃቢ መኪና አያስፈልግም። ማለትም ግራቭል ያደገው የጎዳና ውድድር ሊከፍለው ያቃተውን ወጪ ስለተሻገረ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ክለቦች ከእሱ መማር እንጂ በእሱ መቆጨት የለባቸውም።

የምናባዊው ውድድር ጉዳይ ትንሽ ጠለቅ ያለ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ፍጥነት የሚሰላው ከሚወጣው ዋት፣ ከጋላቢው ክብደትና ቁመት ነው፤ ስለዚህ ክብደቱን ሦስት ኪሎ አሳንሶ የሞላ ሰው ዳገት ላይ ያለ ላብ ያሸንፋል። ከፍ ባሉት ውድድሮች ጋላቢዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ የሚጠየቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ከማጭበርበሩ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ክለብ ውስጥ ሳያልፍ፣ የሰው ጎማ ጀርባ ሳይጠጋ፣ ሳንባውና እግሩ ብቻ እንደ ተወዳዳሪ የሆነ ሰው በብዛት እየተፈጠረ ነው። ቀደም ሲል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መጋለብ የሚችል ሰው እዚያ የደረሰው ዓመታት ከሌሎች ጋር ተጋፍቶ ስለነበር፣ ጉልበቱና ብልሃቱ አብረው ያድጉ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ተለያይተዋል። ጠንካራ ነገር ግን መታጠፊያ ላይ ፍሬን የት እንደሚይዝ የማያውቅ ጋላቢ በዝቅተኛው ምድብ ውድድር ውስጥ ሲገባ አደጋ ይመጣል፤ አንድ ከባድ አደጋ ያየ ክለብም በሚቀጥለው ዓመት ውድድር ለማዘጋጀት ያመነታል። የብስክሌቱ ወጪም እዚህ ላይ ይጨመራል። ዩሲአይ ከ2000 ጀምሮ ዝቅተኛውን የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም አድርጎ ወስኗል፤ ለውድድር የሚቀርበው መሣሪያ ለገበያ የሚውል መሆን እንዳለበትም ደንቡ ያዛል። በዚህም የተነሳ አማተሩ የሻምፒዮኑን ብስክሌት እንዳለ ሊገዛው ይችላል፤ ይገዛዋልም። ከዚያም በአንድ ውድቀት ፍሬሙና ሁለቱ የካርቦን ቸርኬዎች ከተሰበሩ ለዓመቱ ውድድሩን ያቆማል።

አበረታች መድኃኒት በአማተሩ መንደር አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። በመጋቢት 2015 ይፋ የሆነው፣ ዩሲአይ ራሱ ያቋቋመው ነጻ ኮሚሽን ሪፖርት በአማተር ብስክሌት ውስጥ አበረታች መጠቀም እየተስፋፋ መሆኑን ጽፏል፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዮርክ ግራን ፎንዶ ሁለት አማተሮች ቀይ የደም ሕዋሳትን በሚያበዛው ኢፒኦ በተባለ አበረታች ተይዘዋል። በ2017 ደግሞ በፈረንሳይ አንድ የ43 ዓመት አማተር በአነስተኛ የአካባቢ ውድድር ላይ ሞተር የተደበቀበት ብስክሌት ይዞ ተገኝቷል። የምርመራው ዋጋ ለትንሽ ውድድር የማይቀመስ በመሆኑ ዋናው መከላከያ ላቦራቶሪ ሊሆን አይችልም። በሳምንት ሁለት ጊዜ አብሮት የሚጋልብ ክለብ ያለው ሰው በሁለት ወር ውስጥ ድንገት ሌላ ሰው ሲሆን ቢያንስ የሚጠይቀው አለ። ብቻውን ለሚለማመደው ግን ማንም የለውም።

ታዳጊዎችን በተመለከተ ክለብ የሚተካ ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮርስ ብስክሌት በየዓመቱ በሚያድግ ልጅ ቁመት ልክ መግዛት የሚችል ወላጅ ጥቂት ነው፤ ብስክሌቱን ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚያስተላልፈው የክለቡ መጋዘን ነው። ከ2022 መጨረሻ በፊት በዩሲአይ ደንብ መሠረት የጁኒየር ጋላቢ ማርሽ በአንድ የፔዳል ዙር ከ7.93 ሜትር በላይ እንዳይሄድ ተገድቦ ነበር። ገደቡ የልጆቹን ጉልበት ከከባድ ማርሽ ጠብቆ እግራቸውን ፈጥኖ ማሽከርከር ያስተምር ነበር፤ ቀድሞ የጎለመሰው ልጅም በጡንቻው ብቻ ሁሉንም እንዳይጥል ያግዝ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ሲነሳ ይህን የማመጣጠን ሥራ አሠልጣኞችና ክለቦች በራሳቸው እንዲሠሩት ሆኗል። የሴቶች ውድድርም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ተወዳዳሪው ጥቂት ሲሆን አዘጋጁ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ ምድብ በአንድ ላይ ያስነሳል፣ ጀማሪዋ በመጀመሪያው ዙር ትቀራለች፣ ተመልሳም አትመጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተወዳዳሪው ይበልጥ ያንሳል። ይህን ክብ የሰበሩት ቦታዎች ለጀማሪዎች ለብቻቸው አጭር ውድድር ያዘጋጁና ነባር ጋላቢ በመካከላቸው ለመምከር እንጂ ለማሸነፍ እንዳትገባ ያደረጉት ናቸው።

መፍትሔው ከጥሪና ከምክር ይልቅ ደንቡ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። አንዳንድ የአካባቢ ሊጎች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት ቀላል ደንብ አለ፤ ጋላቢዎቹን ማስመዝገብ የፈለገ ክለብ በውድድር ዓመቱ ቢያንስ አንድ ውድድር ያዘጋጃል ወይም የተወሰነ ቁጥር ያለው አስተናባሪ ያቀርባል። ካላቀረበ ጋላቢዎቹ አይነሱም። ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ነጥቡን መንካት ይቻላል። በቱር ደ ፍራንስ የቡድን ደረጃ የሚወጣው በየቀኑ የእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ምርጥ ሰዓቶች ተደምረው ነው። ተመሳሳይ አሠራር በክለብ ሊግ ቢገባ፣ የሦስተኛው ሰው ቦታ ለክለቡ ዋጋ ስለሚኖረው፣ ለጓደኛው ነፋስ የከፈለ ጋላቢ ድካሙ ከመዝገብ አይጠፋም። በዚያው የክለብ ሰንጠረዥ ላይ በመገናኛ የቆመ አባል ለክለቡ ነጥብ ቢያስገኝ፣ ስልኩን ማንሳት ከልመና ወደ ጥቅም ይለወጣል። ምድብ ለማሻሻልም ከውጤት ጋር የተወሰነ የክለብ ልምምድ ቀናትና አንድ የማስተናበር ቀን ቢጠየቅ፣ ፔሎቶን ውስጥ የሚገባው ሰው ቢያንስ መገናኛ ላይ ቆሞ መታጠፊያን ከውጭ ያየ ይሆናል።

ይህ ሲነሳ ተቃውሞው የሚመጣው ከጠንካሮቹ ጋላቢዎች ነው፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። በዓመት ያላቸው የውድድር ቀን የተቆጠረ በመሆኑ አንዱን ቀን ባንዲራ ይዞ መቆም ውድድር ማጣት ነው ይላሉ። ክለብ የሌለው ወይም ሦስት አባላት ብቻ ያሉት ቡድን ደግሞ እንዲህ ያለ ደንብ በቀጥታ ከበር ይመልሰዋል። ለኋለኛው ትንንሾቹ ቡድኖች ተጣምረው አንድ ውድድር እንዲያዘጋጁ መፍቀድ ይበቃል፤ ለግለሰቡም ፌዴሬሽኑ ራሱ የማስተናበር ቀን ሊመድብለት ይችላል። ለፊተኛው ግን የሚሰጥ ማለዘቢያ የለም። የሚያጡት አንድ ቀን ነው፤ በአሁኑ አካሄድ መርሐ ግብሩ ከሚያጣው ቀን ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ለቁጥር እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ ቅርበት ያለው የለም።